ቸርኬዋ ደህና ናት

«ለምን ወደ ከተማው ታጠፈ?» ይሉኛል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ይቺን ነው የሚጠይቁኝ። ሰፊ አዲስ መንገድ ተሠርቶለት፣ «ከባድ መኪና መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት በቀይ ተጽፎ ቆሞለት፣ ልጄ ተሳቢውን ጎትቶ በአሮጌው መንገድ ሰው መሃል ምን ሊያደርግ ገባ? አንዱ ጠጥቶ ነው ይላል። ልጄ አይጠጣም። ሌላው እናቱን ለማየት ቸኩሎ ነው ይላል። እናቱን የናፈቀ ሰው በተሳቢ ነው እንዴ የሚመጣው? የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬማ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ወንበራችን ላይ ተቀምጦ፣ ያቀረብንለትን ውሃ እየጠጣ፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ጥፋቱ ግን የሹፌሩ ነው» አለኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አሉ። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበልኩና በሩን አሳየሁት።

እኔ ለምን እንደታጠፈ ገና ከጅምሩ ጠርጥሬ ነበር፤ አሁን ደግሞ አውቃለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ። አትቸኩሉብኝ።

ከተማችን የተሠራችው ቁልቁለት ላይ ነው። ላይ ተራራው ጫፍ ዛሬ አዲሱ መንገድ የሚለይበት መገንጠያው አለ፤ መንገዱ ከዚያ ተነስቶ ይወርድ ይወርድና ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ታች ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ከወደብ የሚመጣው ጭነት በሙሉ፣ ብረት በሉት፣ ሲሚንቶ በሉት፣ ነዳጅ በሉት፣ በደጃችን ነበር የሚያልፈው። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ መስኮት የከፈተ ሰው ከሹፌሩ ጋር ሊጨባበጥ ምንም አይቀረውም ነበር። ሳህን ከመደርደሪያ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ነጭ አድርገን ያሰጣነውን አንሶላ ግራጫ ሆኖ እንሰበስበዋለን።

ከላይ ሲመጡ የመጀመሪያው ቤት የኛ ነው። ከፊት ጎሚስታ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያችን። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ የኖረ፣ ከሰው ይልቅ ከጎማና ከከመነዳሪ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ለሱ ይሄ ረጅም ጨዋታ ነው። እኔ የሱንም ድርሻ ጨምሬ ስለማወራ ቤታችን ጎደሎ አልነበረበትም።

ከበራችን በላይ መንጠቆ አለ። መንጠቆው ላይ የከባድ መኪና ቸርኬ፣ ጎማ የሚገጠምባት ክብ ብረት፣ ተንጠልጥላ፣ ከጎኗ መዶሻ ታስሮ ይኖር ነበር። ጌጥ እንዳትመስላችሁ። የኛ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል። ፍሬኑ የከዳው ሹፌር ገና ከመገንጠያው ክላክሱን ይጫንና አይለቅም፤ አንድ ረጅም የማይቆራረጥ ድምፅ ነው። ያን የሰማ ሰው ሮጦ ቸርኬውን ይመታል። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ያን ሰምቶ የራሱን ይመታል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ታች ይደርሳል። አሮጊት በሉ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ባዶውን መንገድ ይወርድና ድልድዩ አጠገብ ያለው የአሸዋ ክምር ውስጥ ይቀበራል። አሸዋ ጭኖ የሚያልፍ ሁሉ ከጭነቱ ጥቂት እዚያ ያራግፍ ነበር። ያዘዘው የለም፤ ነገ ለኔም ብሎ ነው። ስንቱን ሹፌር ከዚያ አሸዋ ውስጥ ልብሱን እያራገፈ ሲወጣ አይተነዋል! አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ጎዳናው ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል።

የኛ ቸርኬ የመጀመሪያዋ ስለሆነች እኛ ካልመታን ከተማው አይሰማም። ልጄ ያደገው ከሥሯ ነው። ክላክሱን ከማንም በፊት ስለሚሰማ በሰፈር «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ጉርሻውን ከአፉ ሳያወርድ ብድግ ይልና «እማ፣ አንዱ መጣ!» ብሎ መዶሻውን ያነሳል፤ እኛ ገና ምንም አልሰማንም። አባቱ ጎማ አስተምረዋለሁ ብሎ ሲጠብቅ የልጁ ልብ ከሹፌሮቹ ጋር ሄደ። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት አልቅሼ ለመንኩት። እሱ እቴ! አንገቴን አቅፎ «እማ፣ አንቺ ከቸርኬዋ ሥር እስካለሽ ድረስ እኔ ምን እሆናለሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺ የሁለታችን ቀልድ ሆነች።

ፊት ለፊታችን ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ጓደኛዬ ናት። የመኪናው ጩኸት አያነጋግረንም ነበርና ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሆነን በእጃችን ነበር የምናወራው። ጉንጯን ከያዘች ጥርሷን አሟታል። አፍንጫዋን ከጨበጠች ደግሞ ያ ልብሱን ሳያጥብ ለጥገና የሚያመጣው ደንበኛዋ መጥቷል ማለት ነው። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻት። አንድ ቀን ቸርኬው ተመታ፤ ልጅቷም ሰማች፣ ሮጣም መንገዱን ተሻገረች። ከተሻገረች በኋላ ግን ከእግሯ የወለቀውን ጫማ ልታነሳ ተመለሰች። ከዚህ በላይ አልናገርም። ከዚያ ወዲህ ንፋስ ቸርኬያችንን ነክቷት ቅጭል ካለች ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ እጆቿን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። እኔም ከማዶ ሆኜ አያታለሁ።

አዲሱን ተለዋጭ መንገድ ያመጣችው እሷ ናት። ሪባኑን የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ይቁረጠው እንጂ መንገዱ የሷ ነው። ያልጠናችው ደጅ የለም። የልጇን ጫማ በፌስታል ይዛ ትገባና የባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ታደርገዋለች፤ አንዱን እግር ብቻ ነው፣ ሌላው አልተገኘም። አንዱ ባለሥልጣን «እመቤቴ፣ ይሄን ነገር አንሺልኝ» ቢላት «አንተም መንገዱን አንሳልኝና አነሳልሃለሁ» አለችው አሉ። እሰይ የኔ ጀግና! እንዲህ እያለች መሐንዲሶቹን ይዛ መጣች።

ሥራው ተጀመረ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከሙ ሰዎች ተራራውን ዞሩት፣ ድንጋዩን ሁሉ ቀይ ቀለም ቀቡት። ከዚያ ዶዘሩ መጣ፣ ድማሚቱ መጣ። ተራራው ከጀርባው ሲፈነዳ መስታወታችን ይሰነጠቃል። አቧራው ቤት ገብቶ ጨው ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ግድ የለም አልን፣ ለመልካም ነው አልን። መሐንዲሱ ጎማውን ሊያስጠግን ይመጣ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሀሰት አልናገርበትም። «እማማ፣ አዲሱ ቁልቁለት ከዚህኛው ይረዝማል። ግን አይስጉ፤ ፍሬን ለከዳው መኪና ወደ ጎን ሽቅብ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለው፣ እዚያ ገብቶ ይቆማል» አለኝ። መንገዱ ሲያልቅ የጠጠሩ መንገድ የለም። «በቀጣዩ ምዕራፍ ይሠራል» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ! ይልቅ ከቁልቁለቱ ግርጌ የጭነት ሚዛን ጣቢያ ሠሩበት። መኪናው ሁሉ ለመመዘን ተሰልፎ፣ ጭራው ቁልቁለቱ ላይ ወጥቶ ይውላል፤ ከመገንጠያው ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ከተማው ጸጥ አለ። ጸጥታው ራሱ አስደነገጠን፤ ውሻ ሲያዛጋ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ «እንዴት ዋልሽ?» አለችኝ፣ በአፏ። ድምጿ ቀጭን ኖሯል! ስንት ዘመን ተጎራብተን ድምጿን በወጉ አላውቀውም ነበር። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገዱን ተሻግራ መጣች፣ በራችን ላይ ቆመች፣ ቀና ብላ ቸርኬዋን አየቻት። ሳቋ ጠፋ። «እህቴ፣ እስካሁን አፍሬሽ ነው፤ አሁን እንኳ አውርጂልኝ» አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ አንጀቴ አልቻለም። ባለቤቴ መሰላል አምጥቶ አወረዳትና ጓሮ ወስዶ የውሃ በርሜላችንን አስቀመጠባት። ሌላውም እኛን አይቶ አወረደ። አንዳንዱ ለብረት ገዢ ሸጠ፣ አንዳንዱ አፈር ሞልቶ አበባ ተከለበት። መንጠቆው ብቻ ግድግዳው ላይ ቀረ።

አሸዋውም እንዲሁ አለቀ። የሚጨምርበት መኪና ቀረ፤ ሰው ደግሞ በባልዲም በአካፋም እየመጣ ይዝቅ ጀመር፤ ለልስን፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት። የማንም ስላልነበረ የሁሉም ሆነ። ዛሬ በከተማችን አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ያለው ሁሉ ከዚያ አሸዋ አለበት፤ የኛንም ወጥ ቤት ጨምሩ። ቦታው ባዶ ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ መደብ ሠራበትና አበባ ተከለ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳም አቆመበት። አምሮ ነበር። ሁላችንም አምሯል አልን።

የኛ ሥራ ሞተ። ጎማ የሚያስለጥፍ ሰው ጠፍቶ ባለቤቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አስፋልቱን ሲያይ ይውላል። ግን እንጀራችን ቢቀንስም ልጆች በመንገድ ላይ ሲሯሯጡ ሳይ «ይሁን፣ ይሄ ይበልጣል» እል ነበር። አስፋልቱ ላይ በጠመኔ መስመር አስምረው ይዘላሉ። ድንች ሻጯ ድሮ ከቱቦው ጠርዝ ታግላ የምትቀመጠው፣ አሁን ጆንያዋን መሃል አስፋልቱ ላይ ዘርግታ እንደ እመቤት ትንሰራፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰርግ መኪኖች በኛ መንገድ እየወረዱ ክላክሳቸውን ይነፋሉ፤ ረጅም ነው፣ አይለቁትም። ልጆቹ «ሰርግ! ከረሜላ!» እያሉ መሃል መንገድ ድረስ ይወጣሉ፤ ሙሽሮቹም በመስኮት ይበትኑላቸዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ? እንዲሁ እየሳቅን ነበር።

ልጄ ይሄን ሁሉ አላየም። መንገዱ ሊከፈት አካባቢ ከድንበር ማዶ ሌላ መስመር ላይ ተመድቦ ሄዶ ነበር። ስልክ የያዘው ባለቤቴ ስለሆነ የሚደውለው ለሱ ነው። «አባዬ ደህና ነህ? እማስ? ጎረቤት ሁሉ ደህና?» ይልና በመጨረሻ ቀልዱን ያመጣታል፤ «ቸርኬዋስ ደህና ናት?» ይላል። ባለቤቴ «ደህና ናት» ይለዋል። አንድ ቀን ሰምቼው «ወርዳለች ብለህ አትነግረውም ወይ?» ብለው «ሩቅ ያለ ልጅ ነው፤ ሥራ ሞተ፣ ቤቱ ተዘጋ ልበለው? ሆዱ ይባባል። ሲመጣ ያያት የለ» አለኝ። ለሱ ይሄ ትልቅ ንግግር ነው። እውነቱንም ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው ሁሉም ደህና ነው የሚባለው። የሞተ ሰው እንኳ ቢኖር ሲመጣ ነው የሚረዳው። እኔም ብሆን አልነገርኩትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ደወለ። በኛ በኩል የሚያልፍ ጭነት አግኝቷል፤ ነገ መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ወርዶ ሊያየን ነው። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ስልኩን ነጥቄ ምን ልሥራልህ ስለው «ምንም፤ አንቺን ብቻ» አለኝ። አባቱ ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ይዞ ቆየና፣ እንደ ልማዱ «ደህና ናት» ብሎ ዘጋው። ምን እንደጠየቀው ማን ይነግረኛል? አወቅኩት እንጂ።

ቅዳሜ አንሶላ ቀየርኩ፣ ደጁን ጠረግኩ፣ በሬ ላይ ቆሜ ወደ መገንጠያው ማየት ጀመርኩ። በእግሩ ሲመጣ ከሩቅ አየዋለሁ ብዬ ነው። ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፣ ልጆቹ አስፋልቱ ላይ ናቸው፣ ድንች ሻጯ ከአንዲት ገዢ ጋር ትጨቃጨቃለች። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ረጅም ነው። አይቆራረጥም። ገና ከላይ ነው። ሰርግ እንዳልሆነ እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ አወቀ፤ ሮጬ እጄን ወደ መዶሻው ሰደድኩ፤ መዶሻ የለም። ቀና አልኩ፤ መንጠቆው ባዶ ነው። ረስቼው ነው እኮ! ስንት ጊዜ በሥሩ ወጥቼ ገብቼ፣ በዚያች ሰዓት ግን ረስቼዋለሁ። «ቸርኬዋን!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ወደ ጓሮ ሮጠ። እኔ ከሱቁ ውስጥ የጎማ ብረት አንስቼ የቆርቆሮ በራችንን መደብደብ ያዝኩ። ቆርቆሮ ምን ድምፅ አለው? ሰው ዞር ብሎ አየኝ። አንዱ «እሳቸው ደግሞ ዛሬ ማንን ሊድሩ ነው!» ብሎ ሳቀ። ልጆቹ «ሰርግ! ሰርግ!» እያሉ ከየቤቱ ወጡ፣ መሃል መንገድ ላይ ተሰብስበው ሽቅብ እያዩ እጃቸውን ማውለብለብ ጀመሩ።

በፊቴ አለፈ። ልጄን አየሁት። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ በክንዱ ክላክሱን ተደግፎታል። እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ ከበራችን በላይ መንጠቆው ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያን ድምፅ አልረሳችም። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ፣ ክር ከቀሚሷ ላይ እየተጎተተ፣ መንገዱ መሃል ገብታ ልጆቹን በክንዷም በእግሯም በጩኸቷም ጠርጋ ወደ ቱቦው ወረወረቻቸው። ለሁሉም ግን አልደረሰችላቸውም። ልጄ ለቀሩት ብሎ መሪውን ወደ ጎን ጠመዘዘ፤ ልጆቹን ሳታቸው። በዚያ በኩል ግን ድንች ሻጯ ነበረች። ከዚያ ታች ድረስ ወረደ፣ አሸዋ ወደነበረበት ቦታ ቀጥ አድርጎ ሄደ፣ ሲሚንቶው ላይ ቆመ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስመለስ፣ ማለቴ ሰዎች ተሸክመው ሲመልሱኝ፣ ባለቤቴ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። በርሜሉን ገልብጦት ጓሮው በውሃ ተጥለቅልቋል። ልብሱ በስብሶ፣ ቸርኬዋን በደረቱ ታቅፎ ቆሟል። ማንም ከእጁ ሊወስድበት አልቻለም።

ድንች ሻጯ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሁልጊዜ አንድ ድንች መርቃ ነበር የምትሰጠኝ። ቤተሰቦቿ ዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አልፈርድባቸውም። «ለምን ታጠፈ?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ነው የመጣው፤ በአዲሱ መንገድ ቢሄድ ኖሮ እሷ ዛሬ ጆንያዋን ዘርግታ ነበራ። ትራፊክ ፖሊሱም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ በየደጁ የተቀመጠውም ሁሉ የክልክል ምልክቱን ነው የሚያወሩት። ስለ ቸርኬ፣ ስለ አሸዋ የሚያነሳ የለም። ቢያነሱ ግድግዳቸው ይታዘባቸዋል።

እንዲህ ሆነን ሳለን ረዳቱ መጣ። ከልጄ ጋር የሚጓዘው ረዳት ጸጉሩ ሽበት የጣለበት፣ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ነበር የከረመው፤ በክራንች እያነከሰ መጥቶ ደጃችን ላይ ጉልበቴን ሊስም ሞከረ፣ አልቻለም። ወንበር ሰጠሁት። ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ነበረች። ባለቤቴ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እንደሚያደርገው ጥጉ ላይ ተቀምጦ መሬት ያያል።

«ፍሬኑ የከዳን ከመገንጠያው በላይ ነው» አለ ረዳቱ። «ማርሽ ቀንሶ ሞከረ፣ እንቢ አለው። መገንጠያው ላይ ስንደርስ አዲሱ መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ታች ሚዛኑ ጋ ግን ሰልፍ አለ፤ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ናቸው፣ ሹፌሮቹ ወርደው ጥላ ሥር ቆመዋል። ‹በዚህ ከወረድኩ ስንቱን ነው የማቃጥለው› አለ። እኔ ‹ወደ ከተማው እንዴት ትገባለህ? እዚያስ ሰው አይደለም ያለው!› ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። እውነቴን ነው እማማ፣ ሳቀ። ‹አንተ የኛን ከተማ አታውቃትም። ይሄን ክላክስ ስጫን መንገዱ ባዶ ነው የሚሆነው፤ ታች ደግሞ አሸዋ አለ። ቸርኬዋም አለች፤ ትናንት አባዬን ጠይቄዋለሁ፣ ደህና ናት ብሎኛል። እናቴ ትሰማኛለች› አለኝ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገፍትሮ አወረደኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። እኔ ወደ ጥጉ ዞርኩ። ቁጡ ሴት ነኝ፤ ይሄን አገር ያውቀዋል። ያን ሰዓት ባለቤቴን በጥርሴ ብዘነጣጥለው እወድ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እሱም ቀና ብሎ አየኝ፣ የምለውን ሁሉ ለመቀበል የተዘጋጀ ፊት ነው። ምን እለዋለሁ? ስልኩን እኔ ባነሳው ኖሮ እኔም ደህና ናት ነበር የምለው።

ረዳቱ ሊሄድ ክራንቹን አነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። «እማማ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቀየሙኛል?» አለ። «እኔ ከወደቅኩበት ሆኜ ክላክሱ እስኪቋረጥ ድረስ እሰማው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው። ሰምተውት ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ» አልኩት። «ገና መገንጠያው ላይ እያለ ነው የሰማሁት። ከሰው ሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ።»